ከዳዊት ማኅደር እስከ ላፕቶፕ ቦርሳ

የጽሕፈት መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ፈልሳፊው ነው። የገዢው ታሪክ፣ ያውም ኪሱ የሳሳ ገዢ ታሪክ፣ እምብዛም አይወሳም። የትኛውን ልግዛ፣ የትኛው ይቅርብኝ፣ ምን ያህሉ ይበቃኛል እያለ ያመነታ ተማሪ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስም የለውም። ሆኖም መሣሪያው ለብዙኃን የደረሰው በፈልሳፊው ጥበብ ብቻ ሳይሆን በዚህ ስም አልባ ሰው ማመንታት ጭምር ይመስለኛል። ውድ አንባብያን ከፈቀዳችሁልኝ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ልበል።

ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል። ቀን ቀን በአንድ ባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም ቢጤ እሞክራለሁ። ዘንድሮ በሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ለማታው ክፍለ ጊዜ ተመዝግቤአለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንጥለው ዕቁብም ደርሶኛል። ከዕቁቡ ግማሹ ለመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ክፍያ ሄደ፤ ለላፕቶፕ የቀረኝ ሌላው ግማሽ ነው። ከእርሱ የሚተርፍ ካለ ደግሞ ለታናሽ እኅቴ የቤት ኪራይ እንዲሆን ቃል ገብቼላታለሁ። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ከዋጋው ዝርዝር ጋር ታሪኩንም ማገላበጥ ያዝሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሳችን ቤት ልጀምር። በሀገራችን መጽሐፍ ማለት ለብዙ መቶ ዓመታት ብራና ማለት ነበር። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ በልኩ ይቆረጣል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። 150ውን መዝሙር የያዘ አንድ ዳዊት ስንት ቆዳ እንደሚፈጅ፣ ቁም ጸሐፊውንም ለስንት ጊዜ እንደሚያጎብጠው መገመት አይከብድም። ስለዚህ መጽሐፍ የደብር ወይም የባለጸጋ ሀብት ነበር።

የቆሎ ተማሪው ግን ባለጸጋ አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ልጅ መጽሐፍ የሚገዛበትን ከየት ያመጣል? መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው በቃል መያዝ ነው፤ ትምህርቱን እየቀጸለ፣ ቅኔውን እየቆጠረ፣ ራሱን ቤተ መጻሕፍት ያደርጋል። ሁለተኛው የሚሸከመውን መምረጥ ነው። የራሱ መጽሐፍ ቢኖረው አንድ ነው፤ እርሱም በማኅደር ገብቶ በጠፍር ከትከሻው ይንጠለጠላል። ማኅደር ከቆዳ የተሰፋ የመጽሐፍ ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ተማሪው ሁሉ አንግቶት የሚጋፋውን ጥቁር ቦርሳ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ማኅደር ነው። የቆሎ ተማሪው ጥያቄ «ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ የትኛው ነው?» የሚል አልነበረም። «አንድ ብቻ መሸከም ከቻልሁ የትኛው ይበቃኛል?» የሚል ነበር።

ከብራና ወደ ብረት ስንሻገር ሌላ ጣጣ መጣ። የጽሕፈት መኪና የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። 26ቱ ፊደላት ትልቅና ትንሹ ተደምረው 52 ስለሚሆኑ ከነቁጥራቸው በቁልፎቹ ላይ ይሰፍራሉ። የእኛ ግን 33ቱ በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ያውም ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ። ይህን ሁሉ ከመቶ ያነሰ ምልክት በሚይዝ መኪና ላይ መጫን እንዴት ይቻላል? በ1930ዎቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የኖሩት የአማርኛ ጽሕፈት መኪኖች ፊደሉን ከቅጥያው እየለዩ የሚጽፉ ነበሩ፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ ይመታል። ቅጥያው ከግንዱ ተላቅቆ በአየር ላይ የተንጠለጠለበትን የድሮ ደብዳቤ ያየ አንባቢ የምለው ይገባዋል። መኪናው ሥራውን ሠርቷል፤ ገዢው ግን ከብሩ ሌላ የፊደሉን መልክም ከፍሎበታል።

የላፕቶፕ ሐሳብ የተወለደው ከእኛ ርቆ በካሊፎርኒያ ነው። በ1972 አለን ካይ የተባለው የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪ «ዳይናቡክ» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ በወረቀት ላይ ነደፈ። መጠኑ እንደ ደብተር፣ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በታች፣ ተጠቃሚዎቹም ሕፃናት ሳይቀሩ እንዲሆኑ አስቦ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከቁም ሣጥን የማያንስ ዕቃ ስለነበር ሐሳቡ ከወረቀት አልዘለለም። እኔን የሳበኝ ግን ካይ ከመጠኑና ከክብደቱ ጎን የጻፈው ሌላ ቁጥር ነው፤ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ይሁን ብሎ ነበር። መሣሪያው ሳይኖር ለተማሪው ኪስ አሰበ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ሲታገሉ ኖሩ።

መጀመሪያ ለገበያ በሰፊው የበቃው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በ1981 የወጣው «ኦስቦርን 1» ነው። 11 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለነበር ከቦርሳ ይልቅ ሻንጣ ቢባል ይሻላል። መስኮቱ 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ በአንድ መስመር የሚታዩት ሆሄያትም 52 ናቸው። ባትሪ አልነበረውም። የማስታወስ አቅሙ 64 ኪሎባይት ነበር። ዋጋው ግን 1,795 ዶላር ሆኖ የጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራሞች አብረውት ይመጡ ስለነበር ሰው ተሻማበት። ባለቤቱ አዳም ኦስቦርን አስቀድሞ የኮምፒውተር መጻሕፍት ጸሐፊና አሳታሚ ነበር። እምነቱም የሚበቃ ነገር በቂ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ነው የሚል ነበር። የቆሎ ተማሪውን ጥያቄ ከንግድ ሰው አፍ ስሰማ ደስ አለኝ። ኩባንያው በ1983 ከሰረ። ምክንያቱ ቢያከራክርም፣ የሚመጣው ሞዴል ቀድሞ በመወራቱ ገዢው «እርሱን ልጠብቅ» ብሎ እጁን እንደሰበሰበ በሰፊው ይነገራል። የሚመጣውን የሚጠብቅ ገዢ የያዘውን ሻጭ ያከስራል፤ ራሱም ሳይጽፍ ይቆያል።

የባንክ ሰው ነኝና ይህን ዋጋ በብር ሳልመታው አላለፍሁም። በዚያ ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ኦስቦርን 1፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ፣ 3,716 ብር ያህል ነበር ማለት ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ መንገድ በ1982 «ግሪድ ኮምፓስ» መጣ። ዛሬ እንደምናውቀው ላፕቶፕ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በጠፈር መንኮራኩር ላይ ሳይቀር ያገለገለ ውብ ዕቃ ነበር፤ ዋጋው ግን 8,150 ዶላር ነው። በሌላው መንገድ በ1983 «ቲአርኤስ 80 ሞዴል 100» ወጣ። 8 መስመር ብቻ የምታሳይ፣ በአራት ተራ የባትሪ ድንጋይ 20 ሰዓት ያህል የምትሠራ ትንሽ ዕቃ ነበረች፤ ዋጋዋም ከ1,099 ዶላር ይጀምራል። ጋዜጠኞች ወደዷት። የፈለጉት መጻፍና የጻፉትን በስልክ መስመር ወደ ዝግጅት ክፍላቸው መላክ ነበርና ስምንቱ መስመር በቃቸው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር የማታ ተማሪ ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልገኝም።

በጥቅምት 1992 አይቢኤም «ቲንክፓድ 700ሲ» የተባለውን ላፕቶፕ አቀረበ። ንድፉን ያወጣው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ጥቁሩን ሣጥን ከጃፓኖች የምሳ ዕቃ እንደቀዳው ይነገራል፤ ተዘግቶ ሲታይ ምንም አይናገርም፣ ሲከፈት ነው ሀብቱ የሚታየው። ዋጋው 4,350 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። የኢትዮጵያ ብር ለ20 ዓመት ያህል ከቆየበት የ2 ብር ከ7 ሳንቲም ምንዛሪ ወርዶ አንድ ዶላር 5 ብር የሆነው በዚያው ወር ነው። በመስከረም 9,005 ብር ገደማ ይተመን የነበረ የ4,350 ዶላር ዕቃ በጥቅምት 21,750 ብር ሆነ። በሣጥኑ ውስጥ የተለወጠ አንዳች ነገር አልነበረም። የተለወጠው የገዢው ገንዘብ ነው።

የአለን ካይን የ500 ዶላር ሕልም የሚያነሳ ሰው እንደገና የተገኘው በ2005 ነው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሃ ሀገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚያደርስ ለዓለም አወጀ። «ኤክስኦ» የተባለችው አረንጓዴና ነጭ ማሽን በ2007 መመረት ስትጀምር ዋጋዋ ከ100 ሳይሆን ከ180 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ መስኮት ነበራት፤ የእኛን ፊደል የተሸከመ የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላታል። በ2008 ከእነዚህ ማሽኖች በርካቶቹ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ዕቅዱ የታለመለትን ያህል አልሰፋም። ነገር ግን «ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ ማን ይገዛል?» ይሉ ለነበሩት መልስ ሰጠ። በዚያው በ2007 የታይዋኑ አሱስ 7 ኢንች መስኮትና 4 ጊጋባይት ማከማቻ ያላትን «ኢ ፒሲ» አወጣ፤ በአሜሪካ ገበያ 399 ዶላር ተሸጠች። ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን ቅድም ያስያዝኋችሁን ቁጥር አምጡልኝ። ከ1981 እስከ 2007 ባለው ጊዜ የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር መግቢያ ዋጋ ከ1,795 ዶላር ወደ 399 ዶላር ወርዷል፤ ከሩብ ያነሰ ማለት ነው። በ2007 መጨረሻ አንድ ዶላር 9 ብር ገደማ ነበር። 399ኙን በ9 ስታባዙት 3,591 ብር ይመጣል። ያኔ 3,716፣ አሁን 3,591! ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀው የዓለም መሐንዲሶች ድካም ለእኛ ኪስ ያተረፈው ይህችን ልዩነት ብቻ ነው። እርግጥ ዕቃው ሌላ ነው፤ ፈጥኗል፣ ቀልሏል። ደመወዙም ያው አይደለም። ይሁን እንጂ ማሽኑ በዶላር ሲረክስ ብሩም አብሮት እንደረከሰ ቁጥሮቹ ይመሰክራሉ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ400 ዶላር ላፕቶፕ ከ23 ሺህ ብር ገደማ ተነስቶ ከ40 ሺህ በላይ ሆነ። በእነዚያ ቀናት በየማለዳው በሰሌዳችን ላይ የሚለጠፈውን አዲስ የምንዛሪ ተመን እያየሁ የማሰላው የደንበኛን ሒሳብ ብቻ አልነበረም። «ቆይ ሲረክስ እገዛለሁ» የሚለው ምክር ዶላር ለሚያገኝ ሰው ሊሠራ ይችላል። በብር ለሚቆጥብ ግን መጠበቅ ራሱ ወጪ ሆኖ ይገኛል።

እስካሁን ያወራሁት መራራውን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ለእኛ እጅግ ውድ የነበረ አንድ ነገር በነጻ የተሰጠበት ምዕራፍም አለ፤ እርሱም ፊደላችን ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናው ጣጣ እንደ አዲስ ተጀምሮ ነበር። በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን በኮምፒውተር ለማስጻፍ ደከሙ። ፕሮግራሞቹ ሲበዙ ደግሞ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ይጽፍ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ትርምስ ይሆናል። በ1999 በወጣው 3.0 ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ሆሄያትና ምልክቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። እግሩ ከግንዱ ያልተላቀቀ፣ ዲቃላው ያልተጣለ፣ ሙሉው ፊደል ለማንኛውም ገዢ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደረሰ። ኢንጂነር አያና ከብረት ጋር የታገሉለት ነገር ዛሬ በመርካቶ በሚሸጠው አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ሳይቀር አለ። በማንኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

ታዲያ ለእኔ ምን ይበቃኛል? ይህንንም በባንክ ሰው ልማድ አሰላሁት። አንድ ገጽ 1,500 ሆሄ ይይዛል እንበል። የ100 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ 150,000 ሆሄ ይሆናል። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ ሁሉም ቢደመር 450,000 ባይት ነው። የሁለት ዓመት ድካሜ በአምስት የኦስቦርን ዲስክ ይጠቀለል ነበር። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ደግሞ የኦስቦርን 1ን የማስታወስ አቅም ከ131 ሺህ ጊዜ በላይ ያጥፋል። ቅኔ ቆጣሪው በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና የሚያስቀምጠው ምሥጢር ከ200 ባይት ብዙም ላይርቅ ይችላል። ማሽን የሚያንሰው ለጽሑፋችን አይደለም። የሚያንሰው ለድረ ገጹ፣ ለቪዲዮው፣ በርቀት ለምንሰበሰብበት ስብሰባ ነው፤ እነዚህም ቢሆኑ ለዛሬ ተማሪ ቅንጦት ስላልሆኑ ልንንቃቸው አንችልም።

እንግዲህ ሒሳቡ ወደዚህ አመራኝ። «ብራንድ ኒው» የሚባሉት አዳዲስ ላፕቶፖች መካከል በዕቁቤ ግማሽ የሚገኙት ደካሞቹ ናቸው። በዚያው ገንዘብ በውጭ ሀገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የወጡ ጠንካራ ላፕቶፖች ይገኛሉ፤ ያ የ1992ቱ ጥቁር የምሳ ዕቃ የልጅ ልጆች ጭምር ማለት ነው። እዚህ ላይ የቅርቡን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ማሽኖች በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ነው የሚቀበለው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ተቋርጧል። ስለዚህ 7ኛ ጄኔሬሽን የሆነ ዕቃ ዋጋው ቢያማልልም በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ለመልመድ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው የሚሆነው። እኔ የምጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ ጋር ስለሆኑ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለውን አገልግሎት ላይ የዋለ ላፕቶፕ መርጫለሁ። ክዳኑ ተጭሯል፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተለጣፊ የነበረበት ቦታም ነጣ ብሎ ይታያል። ባትሪውን ሱቁ ውስጥ ከቻርጀሩ ነቅዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈትኜዋለሁ፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ከሀ እስከ ፐ ጽፌበታለሁ። ሻጩ «አንተ መምህር ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዕቁቡ የተረፈው የእኅቴን የሁለት ወር ኪራይ ሸፈነ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ «ይበቃል» የሚለው ቃል በዋጋ ሲተመን ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማሳየት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለድሃው ተማሪ ውለታ የዋሉለት ሰዎች ምን መተው እንደሚቻል ያወቁት ናቸው። አንዱ ሰፊውን መስኮት ተወ፣ ሌላው ከስምንት በላይ ያለውን መስመር ተወ። የቆሎ ተማሪው ሁለተኛውን መጽሐፍ ተወ። ፊደላችንን ያደረሱልን ደግሞ ምንም ሳይተው እንዲደርሰን አደረጉ፤ መተው የማይገባው እርሱ ነበርና።

በዋጋ ዝርዝሬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጫርኋትን ሁለት መስመር እዚህ ላስፍርና ላብቃ። ሰሙን ነጋዴ፣ ወርቁን ተማሪ ይፍታው።

ማኅደሩ ቢያረጅም ዳዊቱ አያረጅም፣
ዋጋው ቢረክስም ቃሉ አይረክስም።

ቸር ይግጠመን።